የታይትል ብሎኩ ቀን ለምን አይቀየርም?

የአንባቢያችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የኮንትሮል ፓነል ድሮዊንግ በአውቶካድ የንድፍ ፕሮግራም እሠራለሁ። ታይትል ብሎኩ (የድሮዊንጉ የመረጃ ሠንጠረዥ) ላይ የቀን ፊልድ (ፕሮግራሙ ራሱ የሚሞላው ጽሑፍ) አስገብቻለሁ። ፋይሉን ብከፍተውም ሴቭ ባደርገውም ቀኑ ያስገባሁበት ዕለት ላይ ቆሞ ቀርቷል። በራሱ እንዲቀየር ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህ ጤነኛ ነው። የመረጥከው የፊልድ ዓይነት ነው ያስቸገረህ። የፊልድ መስኮቱ ውስጥ በቀን ምድብ ሥር ዴት፣ ክሪየትዴት፣ ሴቭዴት እና ፕሎትዴት የሚባሉ ምርጫዎች አሉ። ብዙ ሰው ዴትን ይመርጣል፤ ስሙ ያታልላላ! እሱ ግን በራሱ አይታደስም። «አፕዴትፊልድ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ፊልዱን ካልመረጥከው ንቅንቅ አይልም።

ክሪየትዴት ፋይሉ የተፈጠረበትን፣ ሴቭዴት መጨረሻ ሴቭ የተደረገበትን፣ ፕሎትዴት ደግሞ የታተመበትን ቀን ይይዛል። እኔ ለፕሎትዴት አደላለሁ። ሴቭዴት አንድ ሰው ከፍቶ ዙም ብቻ አድርጎ ሴቭ ቢልም ይቀየራል፤ ስለ ሥራው ምንም አይነግርህም። ፕሎትዴት ቢያንስ ወረቀቱ መቼ ከፕሪንተር እንደወጣ በእርግጠኝነት ይናገራል። ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪታተም ድረስ ሰረዝ ብቻ ቢያሳይህ አትደንግጥ።

ይህን አድርገህም ካልሠራ «ፊልድኢቫል» ብለህ ጻፍና ቁጥሩን እይ፤ ፊልዶች መቼ በራሳቸው እንደሚታደሱ የሚወስነው እሱ ነው። ፋይል ሲከፈት 1፣ ሴቭ ሲደረግ 2፣ ሲታተም 4፣ በኢትራንስሚት (ፋይሎቹን ጠቅልሎ መላኪያ) ሲላክ 8፣ ሪጄን (ድሮዊንጉን ስክሪን ላይ እንደገና መሳል) ሲደረግ 16 ነው። የምትፈልጋቸውን ትደምራለህ። ሁሉም ሲበሩ 31 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ሲመጣ እንዲሁ ነው። 0 ከሆነ በራሱ የሚታደስ ነገር የለም። ቁጥሩ ከድሮዊንጉ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ከሌላ ቢሮ የመጣ ፋይል የራሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አሁን አድካሚው ክፍል። ታይትል ብሎክህ አትሪቢዩት (ብሎኩ ውስጥ የሚሞላ የጽሑፍ ቦታ) ያለው ብሎክ ከሆነ፣ ብሎክ ኤዲተር ውስጥ ገብተህ የአትሪቢዩቱ ዲፎልት ሳጥን ላይ ራይት ክሊክ በማድረግ ፊልዱን ታስገባለህ። ይህ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለምታስገባቸው ሺቶች ነው። ቀድሞ የገቡት የድሮ ዋጋቸውን እንደያዙ ይቀራሉ፤ የገቡትን ብሎኮች ከተስተካከለው ጋር የሚያመሳስለውን «አትሲንክ» ትእዛዝ ብትሰጥም ዋጋቸውን አይለውጥም። እያንዳንዱን ደብል ክሊክ አድርገህ ፊልዱን ማስገባት ነው። ስለዚህ ቴምፕሌቱን ዛሬውኑ አስተካክለው። በአውቶካድ ኤሌክትሪካል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ያንኑ አትሪቢዩት በታይትል ብሎክ ሴትአፕ ከፕሮጀክቱ መረጃ ጋር እንዳታገናኘው። አፕዴት ባደረግህ ቁጥር ፊልድህ ላይ ይጽፍበታል። ፊልዱ መኖር አለመኖሩን ከጀርባው ባለው ግራጫ ቀለም ትለያለህ። ግራጫው አይታተምም።

የቀኑን ፎርማት ስትጽፍ ትልቁ ኤም ወር፣ ትንሹ ኤም ደቂቃ መሆኑን አትርሳ። ዓመቱን አስቀድመህ 2025-04-03 ብትለው ኤፕሪል ይሁን ማርች ማንም አይጨቃጨቅም። 03/04 ካልክ ግን አንዱ ማርች 4፣ ሌላው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል። ፊልዱ ቀኑን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው፤ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ደብዳቤው በእኛ ቀን፣ ድሮዊንጉ በፈረንጅ ቀን ሲሆን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። ከፊልዱ ጎን «እ.ኤ.አ.» ብለህ ጻፍ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። በራሱ የሚቀየር ቀን የሪቪዥን (የማሻሻያዎች) ሠንጠረዡ ውስጥም፣ ድሮዊንጉ የወጣበት ቀን ቦታም አይግባ። የታይትል ብሎክ መስፈርቱ አይሶ 7200 የግድ ይኑር ከሚላቸው አንዱ የወጣበት ቀን ነው። ያ ቀን ድሮዊንጉ በይፋ የተለቀቀበት ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይተህ ስታትመው መለወጥ የለበትም። የድሮ ሪቪዥን ዛሬ ቢታተም ፕሎትዴቱ የዛሬ ይሆናል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ያንን አይቶ አዲሱ ይህ ነው ብሎ ገመድ ሊያስር ይችላል። ስለዚህ የሪቪዥኑን ቀን በእጅህ ጻፈው። የፕሎትዴቱን ፊልድ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል «የታተመበት» ብለህ ለብቻው አስቀምጠው። ለደንበኛ የምትልከውን ደግሞ በፒዲኤፍ ላክ፤ እዚያ ላይ ቀኑ ከዚያ በኋላ አይቀየርም።