የጅራቱን ቀዳዳ አሁን ልብሳው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ አድዋ ሙዚየም ሄጄ ከጣሊያን የተመለሰችውን ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ካየሁ ወዲህ፣ የጀመርኳትን አውሮፕላን ልጨርስ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለ አንድ ወንበር ናት። ፕላኑ የጅራቱ ስታቢላይዘር (አግድም የተገጠመው ትንሹ ክንፍ) አንግል ከክንፉ በ2 ዲግሪ ይነስ ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ "አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፣ 4 አድርገው" አለኝ። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ሳትበሳው ጠየቅከኝ። ድሪሉን አስቀምጥ። ጓደኛህ ስለ አየሩ ልክ ነው፤ ቦሌ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ግን አየሩ የሚሳሳው ለክንፉም ለጅራቱም እኩል ነው። ፍጥነት መለኪያህ ያንኑ ቁጥር እስካሳየህ ድረስ ሚዛኗ አይዛባም። ከፍታው የሚጎዳህ በሞተር ጉልበትና በመንደርደሪያው ርዝመት ነው። 2 ዲግሪውን አትንካ።

ይልቅ አለካኩ ላይ ተጠንቀቅ። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ ክንፉን ከቦዲው፣ ጅራቱን ግን ከጋራዡ ወለል ለካሁ። አንድ ቀን ዳዶ ከእጄ አምልጦ ወደቀና እየተንከባለለ በሩ ጋ ደረሰ። ለካ ወለሉ ዘመም ያለ ነበር! ቀዳዳዎቹ ግን ተበስተው አልቀዋል። ጅራቱን እንደገና ለመሥራት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ቦዲውን ፕላኑ ባሳየው መስመር ላይ በውሃ ልክ አስተካክል። ከዚያ ክንፉ ላይ ልክክ የሚል ፎርማ ከኮምፔንሳቶ ቁረጥ። የፎርማው የላይኛው ጠርዝ፣ የክንፉን የፊትና የኋላ ጫፍ ከሚያገናኘው መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ለጅራቱም እንደዚያው። ዲጂታል ውሃ ልክ ላዩ ላይ አስቀምጥ። ክንፉ 3 ካለ ጅራቱ 1 ማለት አለበት። ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ። በሞርሳ ይዘህ እደር፤ በማግስቱ ደግመህ ለክተህ ነው የምትበሳው። የፊትና የኋላ ማሰሪያው በ400 ሚሊ ሜትር ከተራራቀ፣ 1 ዲግሪ ማለት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሮንዴላ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ፕላኑ ካዘዘው የከበደ ሞተር ገጥመህ ከሆነ፣ የክብደት ማዕከሉን ባትሪ በማዛወር መልሰው። በጅራት አንግል ለማካካስ አትሞክር፣ አደራ።

ፈቃዱ አልቆ ልምድ ያለው ፓይለት ሲያበራት፣ በጉዞ ፍጥነት ኤሌቬተሩ (ከስታቢላይዘሩ ኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) ከስታቢላይዘሩ ጋር ቀጥ ማለት አለበት። የኋላ ጠርዙ ወደ ታች ከወረደ፣ የስታቢላይዘሩን ፊት በሮንዴላ ትንሽ ከፍ አድርግ። ወደ ላይ ከወጣ ዝቅ። ከዚያ በዝግታ ስትበር አፍንጫዋ አሁንም በደንብ መነሳቱን ፓይለቱ ይይልህ።

ዲጂታል ውሃ ልክ ከሌለህ ለመጽሔቱ ደውልና ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ወርክሾፔ ብቅ በል። የእኔን ትወስዳለህ።