«በእቁቡ ብር ሰርኩላር ልግዛ?»

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቴክኒክና ሙያ የእንጨት ሥራ ተምረሽ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። ሜሪላንድ ያለው ወንድምሽ የእስክሪብቶ ኪት ልኮልሽ፣ ከወይራና ከዋንዛ ቁርጥራጭ ቅዳሜ ቅዳሜ በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው ማሽን) ያወጣሻቸው 11 እስክሪብቶዎች ሁሉም ተሸጠዋል። አሁን እንጨት፣ ስስ አሉሚኒየምና ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) እያጣበቅሽ ቅይጥ ብላንክ፣ ማለትም የእስክሪብቶው አካል የሚወጣበትን ቁራጭ፣ ማዘጋጀት ጀምረሻል። ባለፈው ወር ግን አንዷ ቁራጭ ከሰርኩላሩ (ከጠረጴዛው ክብ መጋዝ) ተፈናጥራ በጆሮሽ አጠገብ አልፋ ግድግዳ መታች። እናትሽ ይህን ከሰሙ ወዲህ «ጣትሽን ሳታጪ ተዪው» ይላሉ። አንቺ ደግሞ እቁብ ሊወጣልሽ ስለሆነ «የራሴን ሰርኩላር ገዝቼ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እናትሽ በከንቱ አልፈሩም። ሙያውን ግን አትተዪው። የምትተዪው ሰርኩላር የመግዛቱን ሐሳብ ነው።

ሰርኩላር የተሠራው ለጣውላና ለኮምፔርሳቶ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ሁለት ሜትር ጣውላ ክብደቱም ስፋቱም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የአንቺ ብላንክ ግን ውፍረቱ 2፣ ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለሁለት ሲቆረጥ ደግሞ ከጣት ያጥራል። በዚያ ላይ ቅይጥ ነው። ዲስኩ ከለስላሳው ዋንዛ ወጥቶ ጠንካራው ሬዚን ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው አሉሚኒየሙን ያገኛል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የመቁረጫው ጉልበት ስለሚለዋወጥ ቁራጩ ይንገጫገጫል፤ በደንብ ያልያዘ ኮላ ካለ እዚያው ይላቀቃል። «የአምስት ደቂቃ» የሚባለው የኢፖክሲ ኮላ እንኳ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው አንድ ቀን ገደማ ካደረ በኋላ ነው። ማታ አጣብቄ ጠዋት በማለዳ ቆረጥኩ ብለሻል፤ አትቸኪዪ። አሉሚኒየሙንም ከማጣበቅሽ በፊት በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈትገሽ በአልኮል ጥረጊው። የለሰለሰና ቅባት የነካው ብረት ኮላ አይዝለትም።

ያቺ ቁራጭ ለምን እንደተፈናጠረች ከጻፍሽው ይታየኛል። ልኩን ለማግኘት ጫፉን ከመሪው (ከዲስኩ ጎን ከሚቆመው ቀጥ ያለ ጠርዝ) አስጠግተሽ፣ በማዕዘን መግፊያው ገፋሽው። ተቆርጣ የቀረችው ክፍል በመሪውና በዲስኩ መካከል ታሰረች። መውጫ ስታጣ ትንሽ ዞር አለች፣ ከኋላ ወደ ላይ የሚነሱት ጥርሶች ያዟትና ወደ አንቺ ወረወሯት። እኔም በወጣትነቴ በምሠራበት ወርክሾፕ ልክ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ የ6 ሳንቲ ሜትር የወይራ ቁራጭ ነበረች፣ አገጬን ሰንጥቃኝ 3 ጊዜ ተሰፋሁ። የዲስኩ መከለያ ከተነቀለ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። አንቺ እንድትጠይቂ የምፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። «ጓንት አድርጌ ስለነበር እጄ ተረፈ» ብለሻል። የሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት አታድርጊ! ጥርሱ የጓንቱን ክር ከያዘ ጣትሽን አብሮ ነው የሚጎትተው። የሹራብ እጅጌ፣ የአንገት ልብስ፣ ያልታሰረ ፀጉርም እንዲሁ። መነጽርና የፊት መከለያ ግን ሁልጊዜ ይኑርሽ።

ታዲያ በምን ትቁረጪ? በእጅ። ቁራጩን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ፣ ከጠንካራ እንጨት ራስሽ የምትሠሪው የመቁረጫ ሳጥን፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ ይበቃሻል። የብረት መጋዝ እንጨቱንም ሬዚኑንም ስሱን አሉሚኒየምም ይቆርጣል፣ ምንም አይወረውርም። አንድ ብላንክ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው፤ በሳምንት ለምትሠሪያቸው ጥቂት እስክሪብቶዎች ያ ጊዜ ምንም አይደለም። ብላንኩ ውስጥ የሚገባው የናስ ቱቦሽ 53 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብላንኩን 56 አድርጊው፤ ትርፉን ቱቦው ከተጣበቀ በኋላ ታስተካክዪዋለሽ።

ወርክሾፑ ጥግ ላይ ባንድሶ (ረጅም ስለቱ ወደ ታች እየወረደ የሚቆርጥ መጋዝ) አለ ብለሻል። ቀጣዩ ደረጃሽ እሱ ነው። የባንድሶ ስለት ቁራጩን ወደ ጠረጴዛው ስለሚጫነው እንደ ሰርኩላር ወደ ሰው አይመልሰውም። ድቡልቡል ብላንክ ግን በእጅሽ ብቻ ይዘሽ እንዳትቆርጪበት፤ ስለቱ አሽከርክሮ ይነጥቅሻል። እንጨት ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ቦይ አውጥተሽ እዚያ ውስጥ አስተኝተሽ ግፊው።

በሰርኩላር መቁረጥ ግድ የሚሆንበት ቀን ከመጣ ደግሞ፣ ጂግ (ቁራጩን ይዞ የሚመራ መሣሪያ) ሳትሠሪ አትንኪው። ከኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ጭረት ሰሌዳ) የተሠራ ተንሸራታች ሰሌዳ፣ በስኳድራ (በቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) የተስተካከለ ጀርባ፣ ልክ የሚይዝ ማቆሚያ፣ ብላንኩን ከሰሌዳው ጋር ጥብቅ የሚያደርግ ክላምፕ። ብላንኩን የሚይዘው ክላምፑ እንጂ ጣትሽ አይደለም፤ እጅሽ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አጣብቀሽ ስትሠሪም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አውጪና ማሳጠሩን ለመጨረሻ አቆዪው። የተቆረጠችውን ቁራጭ የምታነሺው ማሽኑ ጠፍቶ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ነው።

የእቁቡን ብር እንግዲህ ሳንባሽ ላይ አውጪው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ያስገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ሰጋቱራውን ታዪዋለሽ፣ የሚጎዳሽ ግን የማታዪው ደቃቁ ነው። በደንብ ያልደረቀ ኢፖክሲ ሲጨመርበት ቆዳሽ አለርጂ ሊጀምረው ይችላል፤ አንዴ ከጀመረ ዕድሜ ልክ አብሮሽ ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሙያው ራሱ ይዘጋብሻል። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የማጣሪያ ጭንብልና ብናኝ መሳቢያ ግዢ። ከተረፈሽ ጥሩ መጋዝና ሞርሳ ጨምሪበት።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ደመወዙም ቶርኖውም ባንድሶውም ያሉት እዚያ ነው። አሠሪሽን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው አግኝተሽ፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ቁራጭ ተፈናጥሮ ሊመታኝ ነበር፤ የሰርኩላሩን መከለያ መልሰን እንግጠመው፣ ጂጉን እኔ እሠራለሁ» በያቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፤ ግን በአዋጁ አትጀምሪ። መፍትሔ ይዞ የመጣን ሠራተኛ አብዛኛው አሠሪ ይሰማል። የሠራሽውን ጂግ ፎቶ አንሺና አስቀምጪው። ነገ ሌላ ቦታ ስትወዳደሪ ከእስክሪብቶዎቹ እኩል የሚያስቀጥርሽ እሱ ነው፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነበር የማየው።

ገበያውንም ቢሆን የሚያመጣልሽ ይኸው አቆራረጥ ነው። ገዢ እስክሪብቶውን አንስቶ ሲያገላብጥ ዓይኑ የሚያርፈው የአሉሚኒየሟ መስመር ላይ ነው፤ ከላይኛው ግማሽ ወደ ታችኛው ሳትሰበር ካለፈች ዋጋ አይከራከርሽም። ሬዚን ውስጥ የቡና ፍሬ ስለማስገባት ያነሳሽው ሐሳብ ደስ ብሎኛል፤ ለምርቃት ስጦታ ይሆናል፣ ወንድምሽም እዚያ ላሉ ወዳጆቹ ያሳይልሽ።

ለአሁኑ ከተራ ጽድ 20 ቁራጭ በእጅ መጋዝ ቁረጪ፣ ሁሉንም 56 ሚሊ ሜትር አድርገሽ። ጫፋቸውን በስኳድራ ለኪና ስንቱ ልክ እንደወጣ ጻፊልኝ።