ከንክሻ ላይ ምራቅ እንዴት ይነሳል?

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ነካሹ ከጥርሱ ቅርጽ አይታወቅም ወይ? ምራቁን ማንሳት ለምን ያስፈልጋል? እንዴትስ ይነሳል?

መልስ፦ ቅርጹን ብቻ ማመን አደገኛ ነው። ቆዳ ይለጠጣል፣ ያብጣል። አሜሪካዊው ሬይ ክሮን አንዲት ሴት ገድሏል ተብሎ በአሪዞና ግዛት በ1992 እ.ኤ.አ. ሞት የተፈረደበት የንክሻው ምልክት ከጥርሱ ጋር ገጥሟል ተብሎ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የተፈታው በሟቿ ልብስ ላይ የተገኘው ምራቅና ደም በዲኤንኤ ሲመረመር የሌላ ሰው ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ዲኤንኤው የሚገኘው ከምራቁ ውኃ ሳይሆን ከጉንጭና ከከንፈር ተልጠው አብረውት ከሚወጡ ሴሎች ነው። ስለዚህ ቁስሉ በውኃም፣ በአልኮልም፣ በአዮዲንም ከመነካቱ በፊት ምራቁ መወሰድ አለበት።

አስቀድሞ፣ ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ ካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ የሚሠራበት በሁለት የጥጥ ዘንግ የመጥረግ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ከጀርም በጸዳ የተጣራ ውኃ ይረጥብና የንክሻው ቦታ ላይ ዙሪያውን እየተንከባለለ ይሄዳል፤ እርጥበቱ የደረቁትን ሴሎች ያላቅቃል። ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ በዚያው ቦታ ያልፍና የቀረውን እርጥበት ይመጥጣል። ተጭኖ መፈተግ የተነካሹን የራሱን ሴል እየላጠ ናሙናውን ያደበላልቃል፤ ብዙ ውኃም ምራቁን ወደ ዳር ይገፋዋል።

ሁለቱም ዘንጎች ቢያንስ 30 ደቂቃ ንጹሕ አየር ላይ ደርቀው በወረቀት ፖስታ ይታሸጋሉ። ፕላስቲክ ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ እርጥበቱ ሲታፈን ባክቴሪያና ሻጋታ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ላብራቶሪ እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ፣ ለረዥም ጊዜ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል። ከተነካሹ አፍ የማነጻጸሪያ ናሙና ካልተወሰደ የትኛው ሴል የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ጠራጊው ጓንትና ጭምብል ያድርግ፤ ቁስሉ ላይ አጎንብሶ የሚያወራ ሰው የራሱን ምራቅ ይጨምርበታል። በልብስ ላይ ከተነከሰም ልብሱ ሳይራገፍ በወረቀት ይጠቅለል።

ጥያቄ፦ የአሚሌዝ (ምራቅ ውስጥ ያለ፣ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም) ምርመራ ውጤት ካሳየ ምራቅ ነው ብሎ መመስከር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ኢንዛይሙ ምራቅ ውስጥ እጅግ ቢበዛም በእናት ጡት ወተትና በላብም ውስጥ ይገኛል። ምርመራው የት ቦታ መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ተነካሹ በሕይወት ካለ መጥረጉ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ወዲያው ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ የሰው ንክሻ በቀላሉ ይመረቅዛልና ሐኪም ሳያየው አይደር።