የፕራዶ የኋላ መስታወት ማጠፊያ ሲዝግ፦ ከቀለሙ በፊት መስታወቱ ይውረድ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። መኪናህ ፕራዶ 120 ነው፤ የኋላው በር ሳይከፈት መስታወቱ ብቻውን ወደ ላይ የሚነሣው ዓይነት። መስታወቱን ከላይ የያዙት ሁለቱ ማጠፊያዎች ዝገው ቀለማቸው ተነሥቷል፣ ዝናብ ሲመታቸው ቡናማ ውሃ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ የቀኙ ሲከፈት ይንቋቋል። አንዱ ጋራዥ «ፈግፍገን ቀለም እንቀባልህ»፣ ሌላው «እዚያው ላይ እንበይደው» ብሎሃል። ሁለቱንም እሺ እንዳትል።

ዝገት ብረቱን በልቶ ከመጨረሱ በፊት ያሳብጠዋል። ከብረት የሚወጣው ዝገት ብረቱ ይዞት ከነበረው ቦታ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ይይዛል። ኮፈን ላይ ቢሆን ቀለም አንሥቶ ያበቃል። እዚህ ግን ማጠፊያው የታሰረው መስታወቱን በስቶ ባለፈ ቡሎን ነው፤ በብረቱና በመስታወቱ መሃል ያለው ቀጭን ጎማ ብቻ። ዝገቱ ሲያብጥ መሄጃ ስለሚያጣ ጎማውን ጨፍልቆ መስታወቱን መግፋት ይጀምራል። የኋላ መስታወት ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ በአየር ድንገት የቀዘቀዘ ነው። መሃሉን በመዳፍህ ብትመታው ምንም አይለውም፤ በጠርዙና በቀዳዳው በኩል ግን ትንሽ ጫና ትበቃዋለች፣ ባንዴ እንደ ተበተነ ጨው ይረግፋል። «ማንም ሳይነካው ቆሞ ፈነዳ» ከሚባለው ውስጥ እንዲህ ያለውም አለበት። ስለዚህ የምታድነው ማጠፊያውን ሳይሆን መስታወቱን ነው። የማጠፊያው ዋጋ ከመስታወቱ ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መስታወቱን ወደ ላይ የሚያነሡትን ሾኮች ነው። መስታወቱ ሲዘጋ ሥራቸውን የጨረሱ ይመስላሉ እንጂ አላረፉም፤ ተጨምቀው መስታወቱን ወደ ላይ፣ ወደ ማጠፊያው ይገፉታል። መኪናው ቆሞ ባደረበት ሌሊት እንኳ የበሰበሰው ማጠፊያ ሸክም ላይ ነው።

«ጎንደር ባሕር የለ፣ ከየት መጣብኝ?» ላልከው፣ መኪናው ያገለገለ ሆኖ ከብርድ አገር የገባ ከሆነ መንገድ ላይ የሚበተነውን የበረዶ ጨው ጠጥቶ ነው የመጣው። እዚህ የሚጨመርበት ደግሞ አቧራው ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ መንገድ ሲመለስ ማጠፊያው ሥር የሚጠቀጠቀው አፈር የጠዋቱን ጤዛ ይዞ እስከ ቀትር ያቆየዋል። ላቫጆ ሲገባ በኃይለኛ ውሃ ቀጥታ ማጠፊያው ላይ ይረጩታል፤ ውሃው ከነሳሙናው ጎማው ሥር ይገባና እዚያው ይቀራል። ከዚያ ክረምቱ አለ።

መጀመሪያ ደረጃውን ለይ። መስታወቱን ክፈትና አንድ ሰው ከታች ጫፉን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዝውዘው፤ አንተ ጣትህን ማጠፊያው ላይ አድርግ። ማጠፊያው የሚዞርበት ፒን ላይ የሚሰማህ ጨዋታ፣ ማለትም ላልቶ መወዛወዙ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም የፒኑ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ማጽዳቱ ትርፍ ድካም ነው፣ ቀይረው። ጨዋታ ሳይኖረው የሚንቋቋ ከሆነ ፒኑ በዝገት መያዝ ጀምሯል ማለት ነው፤ ይሄኛው ይድናል። በማጠፊያው ዙሪያ ያለው ጎማ ወደ ውጭ ተጨፍልቆ ወጥቶ ካየኸው ግን እስኪሠራ ድረስ መስታወቱን አትክፈተው፤ በሩን ብቻ ተጠቀም፣ እሱንም ሳታላትም።

ማውረዱ ላይ ነው ብዙው መስታወት የሚያልቀው። ከሥራው በፊት ባለው ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዳዶዎቹ ላይ ደብሊው ዲ 40 ወይም ሌላ ሰርጎ ገብ ዘይት አድርግ። ናፍታ የሚቀቡ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ጎማውን ስለሚያሳብጥ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረገው። በነጋታው መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም በሰፊ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር መስቀለኛ አድርገህ ለጥፍበት፤ ቢሰበር እንኳ ተያይዞ ይወርዳል። መነጽርና ጓንት አድርግ። መስታወት በ1 ካሬ ሜትር ለያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ካሬ ሜትር ባለ 4 ሚሊ መስታወት 5 ኪሎ መጣ ማለት ነው። ብቻህን አትሞክረው።

የበሩን የላይኛውን የውስጥ ሽፋን አንሣ፤ የፕላስቲክ መያዣዎቹ ካረጁ ስለሚሰበሩ ቀድመህ መለዋወጫ ያዝ። ወደ መስታወቱ የሚሄድ ሽቦ ካለ ንቀል። ረዳትህ መስታወቱን ክፍት አድርጎ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ በትንሽ ካቻቢቴ የሾኮቹን የብረት ክሊፕ ገፋ አድርገህ ከተሰኩበት የብረት ኳስ አላቅቃቸው። ማጠፊያውን ከበሩ የሚይዙት ዳዶዎች እንደ አብዛኛው የቶዮታ ትንንሽ ዳዶ ኤም 6 ከሆኑ በባለ 10 ቁልፍ ይፈታሉ። መጀመሪያ ከበሩ በኩል ፍታ፤ መስታወቱን ከነማጠፊያው አውርደህ ጠረጴዛ ላይ በታጠፈ ብርድ ልብስ አስተኛው። ሲሚንቶ ላይ በጠርዙ ማቆም ማለት ራስህ መስበር ነው።

በመስታወቱ በኩል ያለው ዳዶ እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምር። እሳትም አታስጠጋ፤ ባንድ ቦታ ብቻ የጋለ መስታወት ይፈነዳል። «እዚያው ላይ እንበይደው» የሚለው ሐሳብ ዋጋ የሌለውም ለዚህ ነው። ግራይንደርም ይቅር፤ የሚረጨው ፍንጣሪ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ነጠብጣብ ይተዋል። የሴጌቶ ምላጭ ብቻውን በጨርቅ ይዘህ፣ ከመስታወቱ ላይ ቀጭን ቆርቆሮ አንጥፈህ፣ ዳዶውን በጎኑ ቀስ እያልክ ቁረጠው። 20 ደቂቃ ቢፈጅም ይፍጅ። ቀዳዳውን በትራፓኖ ላስፋው የሚል መካኒክ ከመጣ መስታወትህን ይዘህ ውጣ፤ እንዲህ ያለ መስታወት ከተሠራ በኋላ አይበሳም።

የሚድነውን ማጠፊያ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ አቼቶ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፈው። አውጥተህ ቦርሸው፣ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥክበት ውሃ እጠበው፤ አሲዱ ካልተገደለ በነጋታው መልሶ ይዝጋል። ወዲያው አድርቀህ በ120 ከዚያም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ። ዚንክ ያለው አንቲረስት 2 ጊዜ፣ በላዩ ቀለም 2 ጊዜ፣ ከዚያ 24 ሰዓት ይድረቅ። ፒኑ ላይ ቀለም አይድረስ፤ 2 ጠብታ የሞተር ዘይት ይበቃዋል። በሩ ላይ ማጠፊያው የሚቀመጥበትን ቦታም እንዲሁ አድርግ። አዲስ ማጠፊያ ገዝቶ የዛገ በር ላይ የሚያስር ሰው በሁለተኛው ክረምት እዚሁ ጥያቄ ላይ ይመለሳል።

ስትገጥም የድሮውን ጎማ አትመልሰው። ዋናው ከጠፋ ከአሮጌ ከመነዳሪ የማጠፊያውን ቅርጽ ቆርጠህ አንጥፍ፤ ቡሎኑ በመስታወቱ ቀዳዳ ሲያልፍ ዙሪያውን የፕላስቲክ እጅጌ ይኑረው፣ ሮንዴላውም ከሥሩ ጎማ ይግባበት። ብረት መስታወት የሚነካበት አንድም ቦታ መኖር የለበትም። ቡሎንና ዳዶው ስቴንለስ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉንም በጣት ጠብቅ፣ የግራና የቀኙ ክፍተት እኩል መሆኑን እይ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ። 5 ጊዜ ከፍተህ ዝጋና እንደገና አረጋግጥ። ይላላል ብለህ ከፈራህ ሰማያዊውን የቡሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርግበት እንጂ አታጥብቀው።

ሲሊኮን ላይ አንድ ነገር። ስትከፍተው አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው ያንኑ አሲድ ነው፤ የሚያርፈው ደግሞ ብረትህ ላይ። ዝገቱን ከውስጥ ይመግበዋል። ሽታ የሌለውን፣ ለብረት የሚሆነውን ግዛ፤ ካጣህ የፓራብሬዛ ማጣበቂያ ይሻላል።

ለመቀየር ከወሰንክ፣ ጎንደር ውስጥ ካላገኘህ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሊመጣልህ ይችላል። ግራና ቀኙን ለይተህ ንገራቸው፣ የሻንሲ ቁጥርህንና የድሮውን ፎቶ ላክ። ትኩስ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ማጠፊያ አትቀበል፤ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር አለ። የዛገ ቢመስልም ያልተቀባው ይሻላል፣ ቢያንስ ታየዋለህ።

«መስታወቱን ከፍቼውም አላውቅ፣ ለዘለቄታው ላሽገው?» ያልከው ነውር የለውም። ማጠፊያውን አጽድተህ ገጥመህ ዙሪያውን በፓራብሬዛ ማጣበቂያ ማሸግ ይቻላል። ግን ሾኮቹን አውጣቸው፤ አለዚያ ማጣበቂያውን ዕድሜ ልክ ሲገፉት ይኖራሉ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌ ላይ የተቀባ አንቲረስት እርጥበት ይዞ ይደርቃል። ለጥምቀት ሰሞን አትቅጠር፤ ያን ሳምንት ጋራዡ ሁሉ የእንግዳ መኪና ይዞ ሰው የሚያይህ የለም። ከተሠራ በኋላ በግንቦት መጨረሻና በጥቅምት ማጠፊያውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገህ ፒኑን ዘይት አድርግ፤ ወፍራም ግራሶ አትቀባ፣ አቧራ ይሰበስባል። ላቫጆ ላይም ውሃውን ከ1 ሜትር ቀረብ አድርገው እዚያ ቦታ እንዳይረጩ ንገራቸው።

አሁን የቀኙን ማጠፊያ ከጎን በኩል በቅርብ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ፤ ጎማው ወጥቶ እንደሆነ እንይ። እስከዚያ ግን ዝግ ይሁን።