ለኦዲት ኬዝ ጥናት ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩም ሆናችሁ ገና የምትመራመሩ፣ ስለ ቢዝነስ ስጋትና ስለ ሒሳብ ኦዲት ኬዝ ስተዲ (ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚመረምረው የአንድ እውነተኛ ድርጅት ታሪክ) እንድትጽፉ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ስታገኙ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው በገንዘቡ መጠን ላይ ነው። ከመጠኑ በፊት ውሉን አንብቡ። ጥናቱ ለሰጪው የማይመች እውነት ላይ ቢደርስ ምን ይሆናል? ለዚህ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ከሌለ፣ ከብዙ ወር ድካም በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የማስታወቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ሰጪው ረቂቁን የማየት መብት ይኑረው፤ የሚያርመው ግን የተሳሳተ መረጃንና ምስጢር የሆነን ነገር ብቻ ይሁን። ለዚህ 30 ቀን ይበቃዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠር። ትንታኔው፣ ለተማሪዎች የሚቀርቡት ጥያቄዎችና የመምህሩ መምሪያ የጸሐፊው ናቸው። ክፍያውን ደግሞ ከሥራ ደረጃዎች ጋር እሰሩት፦ ሲፈረም፣ የመስክ ሥራው ሲያልቅ፣ ክፍል ውስጥ ሲሞከር። “ሰጪው ሲያጸድቀው” የሚል የክፍያ ሁኔታ ካያችሁ አትፈርሙ።

ገንዘብ የሚሰጠው የኦዲት ድርጅት ከሆነና ጥናቱም ስለ ራሱ ደንበኛ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ኦዲተሩ የደንበኛውን መረጃ ያለ ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥ የሙያ ሥነ ምግባሩ ይከለክለዋል። ስለዚህ የኦዲት ድርጅቱ “ፈቅጃለሁ” ማለቱ በቂ አይደለም፤ የደንበኛው የበላይ አመራር በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ከዚያም የመጨረሻውን ጽሑፍ አይቶ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው የሄዱ ብዙ ጥናቶች አልቀው ሳይታተሙ ይቀራሉ፤ በመሃል ሥራ አስኪያጁ ተቀይሮ አዲሱ አይስማማምና።

እንዲህ ያለው ድጋፍ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች ኦዲተር ከደረሰኝ በፊት የንግዱን ስልት ይረዳ የሚል አካሄድ ይዘው ተነሡ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኬፒኤምጂም ከአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚሁ ዙሪያ የኬዝና የምርምር መርሐ ግብር ደገፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጉዳቱ የመጣው አንዳንዶች ንግዱን መረዳትን ዝርዝር ፍተሻን ለመቀነሻ ሰበብ ሲያደርጉት ነው። ሒሳባቸውን ያጭበረበሩት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ የኃይል ነጋዴው ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001፣ የቴሌኮሙ ወርልድኮም በ2002 ከወደቁ በኋላ ትችቱ በረታ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2004 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዘመናት የዋሉት ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች 315 እና 330 ንግዱን መረዳትንና ዝርዝር ፍተሻን አጣመሩ፦ ድርጅቱንና አካባቢውን ተረዳ፤ ያየኸውን ስጋት በየሒሳቡ ላይ ሊደርስ ከሚችል ስህተት ጋር አያይዝ፤ የስጋት ግምትህ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ ጉልህ የሆነውን እያንዳንዱን ሒሳብ በቀጥታ መርምር።

የምትጽፉት ኬዝ ይህን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ካልተከተለ ስለ ንግድ ስልት የተጻፈ ድርሰት ይሆናል። አብዛኞቹ ረቂቆች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ “ውድድሩ በርትቷል” ብለው ያቆማሉ።

በግምታዊ ቁጥር እንየው። አንድ አምራች 400 ሚሊዮን ሸጠ፤ የተሸጠው ዕቃ ወጪ 300 ሚሊዮን፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 20 ሚሊዮን ነው። ወጪው ካምናው አልተለወጠም፤ የዕቃ ክምችቱ ግን ከ60 ወደ 90 ሚሊዮን አድጓል። ክምችቱ መጋዘን የሚቆይበት ጊዜ ከ73 ቀን ወደ 110 ቀን ገደማ ረዘመ ማለት ነው። ተፎካካሪው አዲስ ምርት አውጥቷል። የቢዝነስ ስጋቱ ገበያ ማጣት ነው፤ የሒሳብ ስጋቱ ደግሞ ክምችቱ ሊሸጥ ከሚችልበት ዋጋ በላይ መመዝገቡ። ጉልህነትን፣ ማለትም የሒሳቡን አንባቢ ውሳኔ ሊለውጥ የሚችለውን የስህተት መጠን፣ በተለመደው መነሻ በትርፉ 5 በመቶ ብንለካ 1 ሚሊዮን ይሆናል። ከተጨመረው 30 ሚሊዮን ዕቃ አንድ አሥረኛው ብቻ የማይሸጥ ቢሆን ስህተቱ 3 ሚሊዮን፣ የጉልህነት መለኪያው ሦስት እጥፍ ነው። ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ ከሒሳብ መዝጊያው በኋላ የተሸጠበትን ዋጋ የሚያሳዩ ፋክቱሮችን መጠየቅ፣ የክምችቱን ዕድሜ መለየት፣ ያንን ምርት የሚሠሩትን ማሽኖች የተመዘገበ ዋጋ መጠራጠር አለበት። የአመራሩ ቦነስ በሽያጭ ላይ የተመሠረተ ከሆነ በመጨረሻው ሳምንት የወጡትን የማስረከቢያ ሰነዶች መፈተሽም ይመጣል። እነዚህ ሰነዶች በአባሪው ውስጥ ካልተካተቱ ተማሪው የሚሠራው ነገር የለም።

የማይለዋወጥ ቁጥርም ስጋት ሊናገር ይችላል። ወርልድኮም በሌሎች ኩባንያዎች የስልክ መስመሮች ለመጠቀም የሚከፍለው ክፍያ ከገቢው ያለው ድርሻ 42 በመቶ ገደማ ላይ ጸንቶ ታየ፤ የቴሌኮም ገበያው ግን እየተዳከመ ነበር። ከወጪው ከፊሉ እንደ ወጪ ከመመዝገብ ይልቅ ወደ ቋሚ ንብረት ይዛወር ነበርና፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2002 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጠው መጠን 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ድርሻው ለምን እንዳልጨመረ ይጠይቃል። ኬዛችሁ ተማሪውን እዚህ ጥያቄ ላይ ቢያደርስ የሰጪው ገንዘብ በከንቱ አልወጣም።

ቃለ መጠይቁን በሒሳብ ኃላፊው ብቻ አትወስኑ። የሽያጭ ሠራተኛውን፣ የመጋዘን ሠራተኛውን፣ ዱቤ የሚፈቅደውን ሰው ስለ አንድ ወር፣ ስለ አንድ ክስተት፣ በተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቁ። መልሶቻቸው የሚጋጩበት ቦታ የኬዙ ልብ ነው፤ አታስታርቁት፣ እንዳለ አቅርቡት።

የድርጅቱን ማንነት መሸፈን ካለባችሁ የገንዘብ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት መጠን አባዙ፣ ለምሳሌ በ0.8። በላይኛው ምሳሌ ወጪውን ወደ 240 አውርዳችሁ ክምችቱን በ90 ብትተዉት የቀኑ ብዛት ከ110 ወደ 137 ይዘላል፤ ተማሪዎቹም የሌለ ማጭበርበር ሲያሳድዱ ይውላሉ። በአባሪ ያሉ ፋክቱሮች፣ የብድር ውል ገደቦች፣ የጉልህነት መጠኑም አብረው ይባዙ፤ የወለድ መጣኔና መቶኛ ግን አይነኩም። የኤክሴል ፋይሎችን ስትልኩ የተደበቁ ገጾችንና በፋይሉ መረጃ ውስጥ የተቀመጠውን የድርጅት ስም አጥፉ። ስም የሚሾልከው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በበጀት ረገድ፣ የመስክ ሥራው ገንዘቡን ሁሉ እንዳይበላ ቢያንስ ሩቡን ለመምህሩ መምሪያና ለክፍል ሙከራ ለይታችሁ አስቀምጡ። መምሪያ የሌለውን ኬዝ ከጸሐፊው በቀር የሚያስተምረው የለም። ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ወጪ የሚቀንሰውንም መቶኛ ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት እወቁ። ለሙከራው ኬዙን ቀድሞ ላላየ ሌላ መምህር ስጡትና በሌላችሁበት ያስተምር፤ ተማሪዎቹ የጠየቁትንና መመለስ ያልቻለውን በሙሉ ይመዝግብላችሁ። በአባሪው የጎደለው ሰነድ የቱ እንደሆነ ከዚያ ዝርዝር ታገኙታላችሁ፤ የመጨረሻውን የኅትመት ፈቃድ የምትጠይቁትም ያ ከተሟላ በኋላ ይሁን።