ቡና ያልገባበት ጀበና

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዓመት ሆናት፣ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። ባለፈው ጀበናውን ቡና ሳትጨምርበት ጥዳ አገኘኋት። ዘመድ ሁሉ «እርጅና ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ ረስቶ ቆይቶ ማስታወስ የዕድሜ ነው። ዕድሜ ልክ ያፈሉትን ቡና ቅደም ተከተል መሳት ግን ምርመራ ይፈልጋል። ሐኪሙ የማስታወስ ፈተና ይሰጣቸዋል፤ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፣ አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን የደም ምርመራም ይጠይቁ፤ የእነዚህ ማነስ መርሳትን ያመጣል፣ ደግሞም ይታከማል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒኖች አእምሮ ያደነዝዛሉ፤ ሐኪም ሳያማክሩ ግን አያስቁሟቸው።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው ነገሩ ሌላ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት ውሃ ማነስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ያሳክሟቸው።

እባክዎ ጀበናውን አይንጠቋቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እሳቱን እርስዎ እየጠበቁ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ያቀብሏቸው። ደግመው ሲጠይቁ «አሁን ነገርኩሽ እኮ» ከማለት እንደ አዲስ ባጭሩ ይመልሱላቸው።