«ኪኒኑ ተኝቼ ሳለሁ ልቤን እንዳያቆመው ፈራሁ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ደም ግፊት ከተገኘብኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አቴኖሎል 50 ሚሊ ግራም በቀን አንድ እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ፋርማሲ ስለካ ግፊቴ 130/80፣ የልብ ምቴ ደግሞ 56 ሆነ። የለካኝ ልጅ «ምትዎ ቀነስ ብሏል» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ይህንኑ ኪኒን እየወሰደ ነው ተኝቶ በዚያው የቀረው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ድሮም በርጫ ባለኝ ቀን ምርቃናውን ስለሚያጠፋብኝ አልወስደውም ነበር፤ አሁን ጭራሹን ተውኩት። በአራተኛው ቀን ልቤ ይደልቅ ጀመር፣ ግፊቴም 185/110 ደረሰ። ጎረቤቴ ከራሱ ኪኒን ሰጥቶኝ ሁለት ቀን ዋጥኩ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድምዎን በማጣትዎ ከልብ አዝናለሁ። የጠየቁኝ ስለ መስማማት ነው፤ ያስጨነቀዎት ግን ሌላ ነው። ማታ ተኝተው ጠዋት ላይነሡ ነው የፈሩት። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ወንድምዎ በምን እንደሞቱ ሳልመረምር አልናገርም። ስለ እርስዎ 56 ግን መናገር እችላለሁ። አቴኖሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ ዝግ ይላል፤ የመድኃኒቱ ሥራ ይኸው ነው። ራስዎን ካላዞረዎት፣ ካልወደቁ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ካላጠረዎት 56 የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። ከ50 በታች ከወረደ፣ ወይም ብዥ ብሎብዎት ሊወድቁ ከደረሱ ሐኪም ያየዎታል፣ መጠኑን ይቀንሳል። እንቅልፍ ላይማ የማንኛችንም ልብ ዝግ ይላል።

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ፣ ስንሮጥ አድሬናሊን ይለቃሉ። የነርቭ ጫፎችም ዘመዱን ኖርአድሬናሊንን ይለቃሉ። እነዚህ ሁለቱ በሰውነት ውስጥ የሚገቡባቸው በሮች አሏቸው። አልፋ የሚባለው በር የደም ሥርን ያጠብባል። ቤታ የሚባለው ልብን ያስሮጣል። አቴኖሎል የልብን የቤታ በር ይዘጋል፤ ልብ በእርጋታ ይመታል፣ ግፊት ይወርዳል። የዚህን ቤተሰብ ፈር ቀዳጅ መድኃኒት፣ ፕሮፕራኖሎልን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው ጄምስ ብላክ የሚባል ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የተነሣበት ዓላማ ደም ያጠረውን፣ የሚያመውን ልብ ከሸክም ማሳረፍ ነበር። እርስዎ ልብ ያቆማል ብለው የፈሩት መድኃኒት ልብ እንዲያርፍ ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ኪኒኑን ድንገት ማቋረጥዎ ነው።

በሩ ለወራት ሲዘጋበት ልብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ተጨማሪ በሮች ይከፍታል። ኪኒኑ እያለ እነሱም ስለሚዘጉ አይታወቅም። በድንገት ሲያቆሙ ግን የድሮውም አዲሱም በር በአንዴ ወለል ይላል። አድሬናሊን ይገባል፣ ልብ ይደልቃል፣ ግፊት ከመጀመሪያው በላይ ሊወጣ ይችላል። በአራተኛው ቀን ያገኘዎት ይህ ይመስለኛል። የልብ ደም ሥሩ አስቀድሞ የጠበበ ሰው ደግሞ ደረቱን ይይዘዋል፣ ባስ ሲልም የልብ ጡንቻ ሞት (ሃርት አታክ) ሊደርስበት ይችላል። ጠባብ ደም ሥር እንዳለው የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ያመጡልኝን ሰው አልረሳም። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቋል፣ ሸሚዙ በላብ ተነክሯል። ከኪሱ የወጣው ስትሪፕ ላይ ከአሥሩ የጎደለው ሦስት ብቻ ነበር። «ግፊቴ ስለተስተካከለ አቆምኩት» አለኝ። ግፊቱ የተስተካከለው በኪኒኑ ነው! አቴኖሎል መቆም ካለበት በሐኪም ምክር፣ መጠኑ እየተቀነሰ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ተወስዶበት ነው የሚቆመው። ክሎኒዲን የሚባለው ሌላ የግፊት ኪኒን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በድንገት ካቆሙት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ግፊትን ሽቅብ ሊሰድደው ይችላል።

በበርጫ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ያው ማቋረጥ ነው። እንዲያውም የባሰ ቀን ነው የመረጡት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊንን ከነርቭ ጫፍ ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ በሩ ክፍት በሆነበት ቀን እርስዎ ራስዎ ጎርፉን ይለቁበታል። «ጫት ላብ ያስወጣል፣ ግፊት ያወርዳል» የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ ግፊትና የልብ ምት ሲቅሙ ይወጣሉ፣ ለሰዓታትም ይቆያሉ። ኪኒኑን ውጬ ልቃም ካሉም የልብ ድለቃው ይጠፋልዎታል እንጂ የአልፋ በር ስላልተዘጋ ደም ሥርዎ ይጠብባል። ሳይሰማዎት ግፊትዎ ይወጣል። ድሬዳዋ ተቀምጬ ጫት ተው ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን ተዉት እላለሁ።

የጎረቤትዎን ኪኒን በተመለከተ ትዕግሥቴ አልቋል። ስሙን እንኳ አልጻፉልኝም! ፕሮፕራኖሎል ቢሆንና አስም ቢኖርብዎት የመተንፈሻ ቧንቧዎን ያጠብበው ነበር። የአልፋን በር የሚዘጋው ፕራዞሲን ቢሆን የመጀመሪያውን ውጠው ብድግ ሲሉ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ለእሱ የታዘዘው በእሱ ልብ፣ በእሱ ኩላሊት ተለክቶ ነው። ለጉንፋን ብለው ከፋርማሲ የሚገዙት አፍንጫ የሚከፍት ኪኒንም ግፊት ስለሚያወጣ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

መድኃኒቱ ይቀየርልኝ ቢሉ ግን አይፈረድብዎትም። ሌላ የልብ ችግር ለሌለበት ሰው ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው አቴኖሎልን ሳይሆን እንደ አምሎዲፒን ያለውን ነው። ለእርስዎ አቴኖሎል የታዘዘበት ምክንያት ሊኖር ይችላልና በካርድዎ ላይ ይታይ። ቅያሬው አንዱ ቀስ እያለ ሲወጣ ሌላው እየገባ ነው የሚሆነው።

ይህን እንዳነበቡ ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የራስዎንም የጎረቤትዎንም ስትሪፕ ይዘው ይሂዱ። ስንት ቀን እንዳቋረጡ፣ መቼ እንደቃሙ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ያመለጠዎትን ለማካካስ ብለው ሁለት ፍሬ በአንዴ አይዋጡ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሡ፤ ስለ ወንድምዎ አሟሟትም ይንገሯቸው፣ እሱን መስማት ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ፊትዎ ከተጣመመ ወይም አንደበትዎ ከተሳሰረ ጠዋትን አይጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰው ይሂዱ።